በዲራ አደባባይ «ሞልቷል» የሚለው ማን ነው?

በዚህ እትም ስለ በዓል እንነጋገር። በዓል ስንል ሕዝቡ ወደ አደባባይ የሚወጣበትን፣ መብራትና ሙዚቃ ያለበትን፣ ልጅ በእጅ ይዞ የሚታየውን ዓይነት በዓል ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ በዓል ሪያድ ውስጥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጣም በዝቷል፤ እናንተም ወይ ከቤተሰቡ ጋር፣ ወይ በእረፍት ቀናችሁ ከጓደኛ ጋር መሄዳችሁ አልቀረም።

እንደምታስታውሱት ከኅዳር 11 እስከ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 6 ቀን 2025) «ኑር ሪያድ» የተባለው የብርሃን በዓል ሲደረግ፣ ከዋናዎቹ ቦታዎች አንዱ የቀስር አል ሁክም አካባቢ፣ ማለትም እኛ በአጭሩ ዲራ የምንለው የድሮው ሰፈር ነበር። ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረ ሲሆን የሚታየውም በነፃ ነው። በግድግዳና በአደባባይ ላይ የሚሠራ የብርሃን ጥበብ ስለሆነ የሚያምረው ሲመሽ ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡም የሚወጣው ሲመሽ ነው። በነፃ መሆኑ ለእኛ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ደመወዟን ለቤተሰብ የምትልክ እህት ከፍላ የምትገባበት መዝናኛ ብዙ የላትም።

ዲራን የማታውቅ የሪያድ ሠራተኛ ጥቂት ናት። ማዳም ምንጣፍ ወይም ዑድ ልትገዛ ሱቅ አል ዘል ስትሄድ ዕቃ ይዛ የተከተለች ታውቀዋለች። ልጆቹን ይዛ የመስመክን የጭቃ ግንብ የዞረች፣ ወይም ከበጥሃ ተነስታ በእግሯ የደረሰችም ታውቀዋለች። መስመክ እ.ኤ.አ. በ1902 አብዱልአዚዝ ሪያድን የያዙበት ምሽግ ነው። ሱቅ አል ዘልም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ገበያ ነው። አደባባዩ ሰፊ ነው፤ ወደ ገበያው ሲገባ ግን መተላለፊያው ይጠባል፣ ሱቆቹ ዕቃቸውን ደጅ ያወጣሉ፣ የቆመውም የሚሄደውም አንድ ላይ ይሆናል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2025 የቀስር አል ሁክም የሜትሮ ጣቢያ ተከፈተ። ሰማያዊውና ብርቱካናማው መስመር የሚገናኙት እዚያ ነው። ቀድሞ መኪና ለሌላት ሩቅ የነበረው ዲራ አሁን ከብዙ የከተማው ክፍል በባቡር የሚደረስበት ሆኗል። መልካም ነው። ነገር ግን ባቡር ሰውን የሚያወርደው እንደ ታክሲ አራት አራት አድርጎ ሳይሆን በመቶዎች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ቲኬት ያለበት ቦታ ሰው የሚቆጠረው በቲኬቱ ነው፤ አለቀ ከተባለ አለቀ። በር የሌለው አደባባይ ላይ ግን ስንት ሰው እንደገባ የሚያውቀው ማን ነው? ሲሞላስ «ሞልቷል፣ ሌላ አይገባም» የሚለው ማን ነው? ይህን የምንጽፈው በዲራ አደጋ ደረሰ ለማለት አይደለም። ጥያቄው የሚጠየቅበት ጊዜ በዓሉ ካለፈ በኋላና ቀጣዩ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ነው እንጂ። ሰው ከተሰበሰበ በኋላ መጠየቅ ጥቅም የለውም።

የብዙ ሰው ሞት እንዴት እንደሚመጣ ደግሞ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው በስሕተት ነው የሚረዳው። በአማርኛ «ተረጋግጠው ሞቱ» እንላለን። ቃሉ ሰዎቹ እንደ ደነገጠ መንጋ እርስ በርስ እንደረገጡ አድርጎ ጥፋቱን ወደ ሟቾቹ ያዞራል። እውነታው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሰው የሚሞተው ቆሞ ነው። ከፊትም ከኋላም ሲገፋ ደረቱ መስፋት ያቅተዋል፤ አየር ማስገባት ሲሳነው ራሱን ይስታል፤ ይሞታል። ያልሮጠ፣ ያልደነገጠ፣ ማንንም ያልረገጠ ሰው በዚህ መንገድ ሊሞት ይችላል።

ይህን የሚያጠኑ ሰዎች የሚሰጡት መለኪያ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ከአንድ የመስገጃ ምንጣፍ ጥቂት የሚሰፋ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ቢቆም ችግር የለም። አራት ሲሆን ይጨናነቃል እንጂ መንቀሳቀስ ይቻላል። ከአምስት ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል። ስድስትና ሰባት ሲደርስ ሰው በራሱ እግር መሄዱን ያቆማል፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል፣ ማዕበል ይወስዳችኋል፣ ወደ ፈለጋችሁበት ሳይሆን ወደ ወሰዳችሁ ትሄዳላችሁ። እዚያ ከደረሰ በኋላ ጉልበት አይረዳም፣ ጨዋነትም አይረዳም።

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ ኢቴዎን በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2022 የሆነውን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችኋል። ወጣቶች ሊዝናኑ ወጥተው ቁልቁለት በሆነች፣ በጠባቡ በኩል ሦስት ሜትር ከጥቂት ብቻ በምትሰፋ መተላለፊያ ውስጥ 159 ሰዎች ሞቱ። የሚበዙት ወጣት ሴቶች ነበሩ። እኛን ከሁሉም በላይ ያስገረመን ቁጥሩ አይደለም። አደጋው ከመድረሱ ከሦስት ሰዓት በላይ አስቀድሞ ሰዎች ለፖሊስ ስልክ እየደወሉ «እዚህ ሰው ሊያልቅ ነው» ብለው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግመው ደውለዋል። በዓሉ የተጠራው በአንድ አዘጋጅ አልነበረም፤ ሕዝቡ በራሱ የመጣ ነበርና ኃላፊነቱን ሁሉም ወደ ሌላው ገፋው። የሰፈሩን መንገድ የሚያውቁት ሰዎች አዩ፣ ተናገሩ፤ «ሞልቷል» ብሎ መግቢያውን የሚዘጋ ግን አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ የሆነውን ማንም አይረሳውም። እዚያ ነገሩ የብዛት ብቻ አልነበረም፤ ተቃውሞ ተነሣ፣ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ፣ ሕዝቡ ሲሸሽ ብዙዎች ወደ ገደል ገቡ። መንግሥት የሞቱት 55 ናቸው ሲል፣ ሌሎች ወገኖች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል ብለዋል። የፖለቲካውን ነገር ለሚያውቁት እንተወውና ከቦታው አንፃር ግን አንድ የማይካድ ነገር አለ፤ ያን ያህል ሕዝብ የቆመበት ቦታ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላ ወገን ሐይቅ ነበረው። መውጫው ምን ያህል ነው ብሎ አስቀድሞ የለካ ሰው ቢኖር ጭሱን ለመተኮስ የሚደፍር ባልተገኘ ነበር ብለን እናምናለን።

የራሳችንንም በዓላት አንተዋቸውም። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር በአፄ ፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበሩ፤ እንግዳ በዝቶ ነበር። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመ የእንጨት መወጣጫ ላይ በዓል ሊያከብሩ የመጡ ምእመናን ወጥተው መወጣጫው ወደቀ። ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የቆሰሉትም በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእናንተ መካከል የዚያ አካባቢ ልጆች የሆናችሁ፣ ዜናውን በሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሆናችሁ የሰማችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ነፍሳቸውን ይማር።

በእነዚህ በሁለቱ ላይ ሰዎች «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ሲሉ ሰምተናል። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ከሆነ አንቃወምም። ነገር ግን እንጨት የሚሸከመው ክብደት አለው፤ ያንን ክብደት የሚያውቀው አናጢው ነው። አናጢው «ይህ 50 ሰው ይይዛል» ቢል፣ ከእንጨቱ ሥር አንድ ዲያቆን ወይም አንድ አስተናባሪ ቆሞ 50 ሲሞላ ቢከለክል፣ ይህን ፈቃዱ አይደለም የሚል ማን ነው? በበዓል ቀን ሰውን መከልከል ነውር ይመስለናል። ከሩቅ የመጣን፣ ስለት ያለበትን፣ አሮጊትን «አይቻልም» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ማንም አይልም። እኛ እንደምናየው ትልቁ ችግር የገንዘብ ወይም የዕውቀት እጦት ሳይሆን ይህ ነው፤ የሚከለክል ሰው እንደ ክፉ ይታያል፤ ስለዚህ ክፉ ለመባል ፈቃደኛ የሆነ ሰው አይገኝም።

ደግሞ ልማዱ ጨርሶ የለንም ማለት አይደለም። ታቦት ሲወጣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሕዝቡን ወደ ኋላ እየመለሱ፣ መንገድ ሲከፍቱ ያላየ የለም። ምንጣፍ የሚያነጥፉትና የሚጠቀልሉት ልጆችም እየተሯሯጡ ከፊት ይቀድማሉ። ማንም ደመወዝ አይከፍላቸውም። ሰልፉ የሚሄድበት ፍጥነት የሚወሰነው በእነርሱ ነው። ስፖርት የምትወዱ ደግሞ ታላቁ ሩጫን ታስታውሳላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በ10,000 ሰው ሲጀመር ጀምሮ ቁጥሩ የተወሰነ ነው፣ ቲሸርቱ ካለቀ አለቀ። (ያለ ቲሸርት ሾልኮ የሚሮጥ አይጠፋም፤ እሱን ለኅሊናው እንተወው።) ስለዚህ መቁጠር ለበዓል እንግዳ ነገር አይደለም። ልጃገረድ ስትዳርም እኮ ድንኳኑ የሚተከለው በጥሪው ልክ ነው።

ሳውዲ ዓረቢያም ብትሆን ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ የተማረች አገር ናት። በሚና፣ ሐጃጆች ጠጠር በሚወረውሩበት የጀመራት ድልድይ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2006 ብቻ 346 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በፊትም በተለያዩ ዓመታት በዚያው ቦታ ብዙ ሰው አልቋል። ከዚያ በኋላ አሮጌው ድልድይ ፈርሶ በፎቅ በፎቅ የተሠራ አዲስ ተተካ፤ መግቢያና መውጫው ተለያየ፤ ሐጃጁ በቡድን በቡድን ሰዓት ተሰጠው። በድልድዩ ላይ ያ ዓይነት እልቂት ከዚያ ወዲህ አልተደገመም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 2015 ከድልድዩ ርቆ፣ እዚያው ሚና ውስጥ፣ 204 እና 223 የሚባሉት ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሕዝብ ከሕዝብ ተጋጥሞ እጅግ ብዙ ሰው ሞተ። መንግሥት ያወጣው ቁጥር 769 ሲሆን፣ የየአገሩን መግለጫ የደመሩ የዜና ሰዎች ከ2,400 በላይ ነው ብለዋል። ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ሐጃጆችም ነበሩ። ይህን የምናነሣው የሌላውን እምነት ሥርዓት ለመተቸት አይደለም፤ እግዚአብሔር ይጠብቀን። ድልድዩን አስተካክሎ ወደ ድልድዩ የሚወስደውን መንገድ መርሳት ምን እንደሚያመጣ ለማሳየት ነው።

ለዲራም ነገሩ ይኸው ነው። አደባባዩ ምን ያህል ሰው ይይዛል የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው፤ ቦታውን ለክቶ ማካፈል ብቻ ነው። ከባዱ ጥያቄ ከአደባባዩ የሚወጡት መንገዶች በደቂቃ ስንት ሰው ያሳልፋሉ የሚለው ነው። የባቡር ጣቢያው በር፣ የሱቅ አል ዘል መተላለፊያ፣ ወደ በጥሃ የሚወስደው የእግር መንገድ ሁሉም መቆጠር አለባቸው። የበዓሉ ልክ መወሰን ያለበት በአደባባዩ ስፋት ሳይሆን በእነዚህ መንገዶች ጥበት ነው። ጣቢያው ሲጨናነቅ ባቡሩ በዚያ ጣቢያ ሳያቆም ቢያልፍ፣ ሰውም ቀጣዩ ጣቢያ ወርዶ በእግሩ ቢመጣ፣ ማንም አይጎዳም፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ይዘገያል እንጂ። በብዙ ትላልቅ ከተሞች እንዲህ ይደረጋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደሚረሳው እንምጣ። በመሐል ሪያድ በድሮዎቹ ሰፈሮች የሚኖረው ሰው አብዛኛው እንደ እናንተ ከሌላ አገር ለሥራ የመጣ ነው። የመኒው፣ ባንግላዲሹ፣ ሱዳኑ፣ ህንዱ፣ የእኛም ሰው በአንድ ክፍል አራትና አምስት ሆኖ ተከራይቶ ይኖራል። በዓሉ ለከተማው ሁለት ሳምንት የሚቆይ ደስታ ነው፤ ለእነርሱ ግን ሁለት ሳምንት መንገድ የተዘጋበት፣ ድምፅ እስከ እኩለ ሌሊት የማይቆምበት፣ ንጋት ላይ ለሥራ የሚነሣ ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። በርካታ ሱቆች ይሸጣሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሚሸጠው ሻይና ውኃ የያዘው ነው እንጂ ምንጣፍ ያነጠፈው አይደለም፤ በግፊያ መካከል ምንጣፍ የሚመርጥ የለም። ጠዋት ደግሞ ጠርሙሱንና ወረቀቱን የሚለቅመው ሰው የበዓሉ እንግዳ ሳይሆን ብርቱካናማ ልብስ የለበሰው የመንገድ ጠራጊ ነው።

ስለ ድምፅ ስንናገር የራሳችንን ድምፅ ማጉያ መርሳት ጨዋነት አይደለም። አገር ቤት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰፈር የምንለቀው ድምፅ በሽተኛ ያለበትን ቤት፣ ሕፃን ያለበትን ቤት፣ ሌላ እምነት ያለውን ጎረቤት እንደሚያገኝ ካህናቱም ምእመናኑም ያውቃሉ። እዚህም በእረፍት ቀን በበጥሃ ስንሰበሰብ መንገዱን ሞልተን ስንቆም፣ አላፊ አግዳሚው ወደ መኪና መንገድ ወርዶ እንዲሄድ ስናደርግ አይተናል። በመንፉሃ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 የሆነውን ያሳለፈ ሰው፣ የውጭ አገር ሰው ተሰብስቦ ሲታይ የሰፈር ቅሬታ ምን ያህል ፈጥኖ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ እንደሚችል መንገር አያስፈልገውም። ያኔ የደረሰው በደል በመንገድ መሙላት የመጣ አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ዘመቻ ነበር። ቢሆንም እንግዳ ሆኖ የሚኖር ሰው ጎረቤቱን ወዳጅ ማድረግ ይጠቅመዋል ብለን እናስባለን።

ከሁሉም በላይ ግን ልባችን ላይ ያለው የእናንተ ነገር ነው። በበዓል አደባባይ የምትቆሙት ብዙ ጊዜ እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ነው። ማዳም ፎቶ ታነሣለች፤ ባባ መኪና ማቆሚያ ይፈልጋል፤ እናንተ አንዱን ሕፃን በጋሪ እየገፋችሁ፣ ሌላውን በእጅ ይዛችሁ፣ ቦርሳና የውኃ ጠርሙስ በትከሻ አንግታችሁ ትከተላላችሁ። ልጅ ከእጅ ቢያመልጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ግፊያው ሲጀምር ደግሞ ሁለት እጅ የተያዘበት ሰው ራሱን መከላከል አይችልም። አዘጋጆቹ «ቤተሰብ» ብለው ሲቆጥሩ አባት፣ እናት፣ ልጆች ይላሉ። ሠራተኛዋ በቁጥሩ ውስጥ አትታሰብም፤ ኃላፊነቱን ግን በእጇ የያዘችው እሷ ናት።

ይህ ደግሞ ከጊዜው ጋር የማይሄድ አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሪያድ በሱወይዲ መናፈሻ የህንድ፣ የፊሊፒንስ፣ የሱዳንና የሌሎችም አገሮች ባህል የሚታይባቸው ቀናት ተደርገው ነበር። የውጭ አገር ሠራተኛ በእንግድነት ተጠርቶ ነበር ማለት ነው። የተጠራ እንግዳ ሊቆጠር ይገባዋል፤ የተጻፈው ማስጠንቀቂያም በሚያነበው ቋንቋ ሊጻፍለት ይገባል። በዲራ የመውጫ ምልክት በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲለጠፍ፣ ሁለቱንም የማታነብ ሞግዚት ሁለት ሕፃናት ይዛ ቆማለች። ቀስትና ሥዕል መሳል ምን ያህል ያስወጣል?

አዘጋጆቹ እስኪያስቡበት ድረስ እናንተ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የልጆቹን ፎቶ በዚያ ቀን በለበሱት ልብስ አንሡ፤ ልጅ ቢጠፋ ለፖሊስ የምታሳዩት እሱን ነው። የማዳምን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በልጁ ኪስ አድርጉ። የልጅ ጋሪ ወደ ብዙ ሰው አይግባ፤ በግፊያ ውስጥ ጋሪ ይገለበጣል፣ የኋላውንም ሰው ይጥላል። የኢቃማችሁን ነገር አትርሱ። ብትጠፋፉ የት እንደምትገናኙ ከመኪና ሳትወርዱ ተነጋገሩ፤ በሰዓት ግንብ ሥር ወይም በአንድ በታወቀ በር ይሁን፤ ስልክ ብዙ ሰው ባለበት ቦታ ላይሠራ ይችላልና።

ከገባችሁ በኋላ ትከሻችሁ ከሁለት ወገን በሰው ሲነካና ለመዞር ሲያስቸግራችሁ፣ ያ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ያኔ መውጣት ይቻላል፣ ቆይቶ አይቻልም። «ማዳም፣ ዘሕማ፣ ኻሊና ነጥላዕ» በሉ። እንደ ፍርሃት ሳይሆን እንደ ምክር፣ ስለ ልጆቹ ብላችሁ ተናገሩት። ለማዳም «እምቢ» ማለት ለሁላችሁም እኩል እንደማይቻል እናውቃለን። ለዚህ ነው ነገሩ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ቤት ውስጥ፣ ሻይ ሲጠጣ ቢነሣ የሚሻለው። ራሷ እናት ናትና ልጆቿን በተመለከተ የሚነገራትን የምትሰማ ብዙ ናት።

ማዕበሉ ከያዛችሁ ደግሞ ወደ ኋላ ለመመለስ አትታገሉ። ልጁን ከፍ አድርጉት፤ ሕፃን የአዋቂ ወገብ ላይ ነው የሚደርሰው፤ አየር የሚያጣው መጀመሪያ እሱ ነው። ሌላኛውን ክንዳችሁን በደረታችሁ ፊት አጥፋችሁ ለትንፋሽ ቦታ ጠብቁ። የወደቀ ጫማ፣ የወደቀ ስልክ፣ የወደቀ ቦርሳ ለማንሣት ጎንበስ አትበሉ፤ ስልኩ ይገዛል። ግፊቱ ጋብ ባለ ቁጥር በአግድም ወደ ጠርዙ ጥቂት ጥቂት ተጠጉ፤ ግድግዳ ላይ ግን አትጣበቁ። አባያው ረጅም ከሆነ ሰብስባችሁ ያዙት፤ ብዙ ሴት የምትወድቀው ሰው ገፍቷት ሳይሆን ልብሷ ተረግጦ ነው። ጩኸት ትንፋሽ ይጨርሳል፤ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ይሁን። በሪያድ የድንገተኛ አደጋ ስልክ 911 ነው። አደጋ ሳይደርስ፣ ሊደርስ ነው ብላችሁ ስታስቡም መደወል ይቻላል፤ በኢቴዎን የደወሉት ሰዎች ትክክል ነበሩ።

በእረፍት ቀናችሁ ለራሳችሁ ለመደሰት የምትሄዱ ደግሞ፣ እባካችሁ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ቀንና የመጨረሻው ቀን፣ ሐሙስ ምሽትና ዓርብ ምሽት ሁሉም ሰው የሚወጣበት ነው። ማክሰኞ ዕለት የሚታየው ብርሃን ከዓርቡ አያንስም። እረፍታችሁ ዓርብ ብቻ ከሆነም እንደ መሸ ገብቶ ሕዝቡ ሳይበዛ መመለስ ነው። የሳውዲ ሕግ የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት እንዳላት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይደነግጋል፤ ቀኑ ግን በስምምነት ስለሆነ፣ ዓርብ ካልሆነ አይሆንም የሚል የለም። እንዲያውም ዓርብ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ያለች እህት ሌላ ቀን ብትጠይቅ ማዳምም ደስ ሊላት ይችላል።

የዲራ ነዋሪዎችንና ባለሱቆችን በተመለከተ ደግሞ የምንለው አለን። ቀጣዩ በዓል ሲዘጋጅ አንድ ሰው በሰፈሩ ዞሮ ነዋሪውን፣ ኢቃማው ላይ የተጻፈውን ዜግነት ሳያይ፣ በየትኛው በር ትገባላችሁ፣ ለሥራ የምትወጡት በስንት ሰዓት ነው፣ የታመመ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ። አምቡላንስ የሚያልፍበት አንድ መንገድ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ምንም ሳይቆምበት ክፍት ይሁን፤ የሻይ ጋሪም፣ የፎቶ ማንሻ መድረክም፣ የባለሥልጣን መኪናም አይቁምበት። በየመግቢያው የቆሙት ጥበቃዎች ደግሞ ሲሞላ የመዝጋት ሥልጣን ይሰጣቸው፤ ለአለቃ ደውለው፣ አለቃም ለአለቃው ደውሎ እስኪፈቀድ ድረስ መጠበቅ ሳይኖርባቸው። ጥበቃዎቹ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ በአነስተኛ ደመወዝ የተቀጠሩ ወጣቶች ናቸው። አንድ ትልቅ ሰው በቅንጦት መኪና መጥቶ «ክፈት» ሲለው «ሞልቷል ጌታዬ» ለማለት የሚችል ወጣት፣ ነገ ከሥራ እንደማይባረር የተጻፈ ነገር በኪሱ ሊኖረው ይገባል።